የወንድሜን ልብ ያተረፈው መድኃኒት

ታላቅ ወንድሜ እዚህ ኬንያ፣ ኢስትሊ በሚባለው ሰፈር ጨርቅ ይነግዳል። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ምሳውን የሚበላው ካሳራኒ፣ እኔ ቤት ነው። አንድ ቅዳሜ ገና እጁን ሳይታጠብ ደረቱን ይዞ ሶፋው ላይ ቁጭ አለ። ፊቱ አመድ መስሏል፤ ግንባሩን ላብ አጥምቆታል።

«ጨጓራዬ ነው፤ ትንሽ ጋደም ልበል» አለኝ።

ግራ ክንዱን ሲያሻሽ አየሁት። አባታችንም «ጨጓራዬ ነው» እንዳለ ነው የሞተው።

«ተነስ ጋሼ፣ ሐኪም ይየው» አልኩና ታክሲ ጠርቼ ቅርባችን ወዳለው ሆስፒታል ወሰድኩት።

ወዲያው የልብ ምርመራ አደረጉለት። ሐኪሟ ወጣት ኬንያዊት ናት፤ በእንግሊዝኛ ስትነግረኝ ለእሱ በአማርኛ እነግረዋለሁ። የረጋ ደም ለልቡ ደም የሚያደርሰውን ሥር ዘግቶታል። ሥሩን በቀጭን ቱቦ ገብተው የሚከፍቱበት ሆስፒታል ከከተማው ማዶ ነው፤ በዚያ ትራፊክ እስኪደርስ ደም ያጣው የልቡ ጡንቻ ይሞታል።

«የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት አሁን እዚሁ እንስጠውና ከዚያ እንልከዋለን» አለች። «ግን ሌላ ቦታም ደም ሊያፈስ ይችላል። ስትሮክ ይዞት ያውቃል? ሰሞኑን ቀዶ ሕክምና አድርጓል? ጨጓራው ደምቶ ያውቃል?»

«ያቃጥለኛል እንጂ ደምቶ አያውቅም፤ ሌላውም የለብኝም» አለ ጋሼ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ ብትሆኚ ትወጊ ነበር?»

«እወጋ ነበር።»

«በይ ይውጉኝ» ብሎ ክንዱን ዘረጋ።

መድኃኒቱን በደም ሥሩ ሰጡት። ጥቂት ቆይቶ ስክሪኑ ላይ ያለው የልብ ምት መስመር ሲዘበራረቅ ብድግ አልኩ። ሐኪሟ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሳ፣ «ሥሩ ተከፍቶ ደም ሲመለስ አንዳንዴ እንዲህ ያደርጋል፤ እየተከታተልኩት ነው» አለችኝ። መስመሩ ረጋ። የጋሼም ፊት ቀስ በቀስ ወደ መልኩ ተመለሰ።

«ደረቴ ላይ የተቀመጠው ሰውዬ ተነሳልኝ» አለ።

በአምቡላንስ ማዶ ወሰዱትና የጠበበውን ሥር በደንብ አሰፉለት። እዚያ ያየው የልብ ሐኪም፣ መድኃኒቱ ቶሎ ባይሰጠው ኖሮ ልቡ እንዲህ ብርቱ ሆኖ እንደማይቀር ነገረን።

ዛሬ ጋሼ ክኒኑን እየዋጠ፣ ሲጋራውን ትቶ ሱቁ ውስጥ ነው። ባለፈው ወር ጎረቤቱ «ደረቴን ወጋኝ» ቢለው ሱቁን ዘግቶ ራሱ ሐኪም ቤት ወሰደው። የጡንቻ ሕመም ሆኖ ተገኘ።

«በከንቱ ተንገላታችሁ» አልኩት።

«የጡንቻ መሆኑን ያወቅነው እኮ ስለሄድን ነው» አለኝ።