የእትዬ ከድጃ የሲሚንቶ ወረቀት

ከዶርማችን ጀርባ አዲስ ሕንፃ እየተሠራ ስለሆነ፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ በተነሣ ቁጥር የሲሚንቶ ብናኝ በመስኮት ይገባል፤ የዶርም ጓደኞቼ እየተራገሙ ሲዘጉት እኔ መልሼ እከፍተዋለሁ። በዚህ ሳምንት ደግሞ መቀመጥም ማንበብም አቅቶኛል። መካነ ሰላም ከተማ የተማርኩበት ትምህርት ቤት የመጻሕፍት ክፍል ሠራተኛ እትዬ ከድጃ፣ እኔ ሳልወለድ ጀምረው የያዙትን ቁልፍ ዓርብ አስረክበው ጡረታ ሊወጡ ነው። እሑድ ደውለውልኝ፣ «ሰዓዳ፣ አንቺ ያለሽበት ከተማ ግንባታ ብቻ ነው አሉ፤ እስቲ የሲሚንቶ ወረቀት ፈልገሽ በመኪና ላኪልኝ። የመጨረሻዎቹን መጻሕፍት ራቁታቸውን አድዬ አልወጣም፣ ወላሂ!» አሉኝ።

እሳቸው ዘንድ በወረቀት ያልተለበደ መጽሐፍ ከደጅ አይወጣም ነበር። መስከረም ላይ፣ የእደላው ቀን፣ ሁላችንም ባዶ የሲሚንቶ ከረጢት አጣጥፈን እንመጣና ግቢው ውስጥ ስናራግፈው ሽፋሽፍታችን ሳይቀር አመድ መስሎ እንሰለፋለን፤ እትዬ ከድጃ በትልቁ መቀሳቸው እየቆረጡ፣ በዱቄት ሙጫ እያጣበቁ ይለብዱልናል። ሁሉም መጽሐፍ አንድ ዓይነት ቡናማ ስለሚሆን፣ መምህሩ ሳይንስ አውጡ ሲሉ ግማሻችን ሒሳብ ገልጠን መገኘታችን የተለመደ ነበር። በዚያ ሰሞን የሚከበሩት ዘመዶቻቸው ዓረብ አገር ሆነው ቤት የሚያሠሩላቸው ልጆች ነበሩ፤ ለአንድ ከረጢት ስንቱ ይለማመጣቸዋል!

እኔም ከእነሱ አንዷ ነበርኩ። እናቴ ጅዳ ሆና በምትልከው ግድግዳው ቆመ፣ ጣሪያው ተመታ፤ አምስተኛ ክፍል ስገባ ግን አሠሪዋ ደመወዟን ስለከለከለቻት ግንባታው መስኮቶቹ ጋ ሲደርስ ተቋረጠ፤ የምታሳድገኝ አክስቴም ባዶዎቹ መስኮቶች ላይ የሲሚንቶ ወረቀት ወጥራ በሚስማር መታችባቸው። አዲስ ከረጢት ስላልነበረ፣ መጽሐፍ ሳላገኝ እንዳልቀር ፈርቼ፣ በእደላው ጠዋት ከምተኛበት ክፍል መስኮት አንዱን ገንጥዬ ሮጥኩ። እትዬ ከድጃ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አንሥተው በሚስማሩ ቀዳዳ አሻግረው አዩኝ።

«ይኼ ከመስኮት የወረደ ነው።»

ወረቀቱን መልሼ ልቀበላቸው እጄን ዘረጋሁ።

«ሂጂ መልሰሽ ምቺው! ቁር ሊገድልሽ ነው እንዴ?» ብለው ተቆጡኝና፣ የሻይ ብርጭቆዎቻቸውን አንሥተው መደርደሪያቸው ላይ ያነጠፉትን ወረቀት ስበው ለበዱልኝ። መጽሐፌ ዓመቱን ሙሉ የብርጭቆ ክብ እንደ ማኅተም ታትሞበት ኖረ።

ሰኞ ወደ ሕንፃው ወረድኩ። ዘበኛው ሳቀብኝ። «እህቴ፣ ወረቀቱ እኮ ቀረ፤ አሁን በማዳበሪያ ነው የሚመጣው» ብሎ የፕላስቲክ ከረጢቱን ክምር አሳየኝ። በየሱቁ ዞርኩ፣ ሌላም ሌላም ግንባታ ሄድኩ፤ ያው ማዳበሪያ ነው። ክፍል ውስጥ መምህሩ ሲያስረዱ እጄ የደብተሬን ጠርዝ ሲያጥፍና ሲዘረጋ ይውላል። ሐሙስ ለአክስቴ ደወልኩ። እናቴ ከዓመታት በኋላ እዚያው ጅዳ እንዳለች ቤቱን አስጨርሳው ዛሬ መስታወት በመስታወት ሆኗል፤ በወረቀት የቀረው የጓዳው መስኮት ብቻ ነው።

«የጓዳውን ገንጥለሽ ውሰጂላቸው» አልኳት።

«ነፋሱስ?»

«ይግባ።»

ዓርብ ከሰዓት እትዬ ከድጃ ደወሉ። «የሚስማሩን ቀዳዳ አወቅሁት» ብለው ሳቁ። «ለአንድ መጽሐፍ በቃ። እናቷ ኩዌት ላለች አንዲት ልጅ ለብጄ ሰጠኋት።» ሌሎቹ መጻሕፍትስ ራቁታቸውን ወጡ ልል ፈልጌ ተውኩት፤ ከኋላቸው ልጆቹ መጽሐፋቸውን እንደያዙ እየተንጫጩ ሲወጡ ይሰማኛል። «በይ ልጄ፣ ቁልፉን ሊረከቡኝ እየጠበቁ ነው» ብለው ዘጉት።

አሁን መስኮቱ አጠገብ ቆሜያለሁ፤ ነፋሱም ተነሥቷል። ማዳበሪያው ጥሩ ነው፤ ዝናብ አያስገባም፣ ቶሎም አይቀደድም። እኔን መቀመጫ ያሳጣኝ፣ ከእንግዲህ ብርድ ከሚገባበት ቤት የመጣች ልጅ መጽሐፍ ልትወስድ ስትሰለፍ፣ ያንን ማን በምን አይቶ እንደሚያውቅላት ነው።