ለነፍስ አባቴ ያልነፈግሁት መድኃኒት

ሥራ የጀመርሁ ዕለት የመድኃኒት ቤቱ ኃላፊ ጋሽ ታዬ አንድ የመቁጠሪያ ሳህንና አንድ ፍሬ መግፊያ ስፓቱላ ሰጡኝና መድኃኒት ማደያው መስኮት ላይ አቆሙኝ። ባሕር ዳር ያለ ትልቅ ሆስፒታል ነው፤ ሰልፉ ከበሩ ውጭ ወጥቷል። «ማዘዣ ሲመጣልሽ ከእጅሽ ዓይንሽ ይቅደም» አሉኝ። ለማያነብ ሰው የመድኃኒቱ ፖስታ ላይ ለጠዋቱ ፀሐይ፣ ለማታው ጨረቃ መሣልም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ጨረቃዬ ግን ሙዝ ትመስል ነበር። አንዲት እናት «ከሙዝ ጋር ነው የምውጠው?» ብለው ጠይቀውኛል።

ብዙ ዓመት የመድኃኒት ፍሬ ስቆጥር ኖርሁ። ሆስፒታሉ የፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት አጠቃቀም የሚቆጣጠር ቡድን ሲያቋቁም እኔንም ጨመሩኝ። ሥራው በወረቀት ሲያዩት ቀላል ነው። ጠንካራዎቹ መድኃኒቶች ለብቻ ይቆለፋሉ። ሐኪም ሲያዛቸው ቅጽ ሞልቶ ምክንያቱን ይጽፋል። የበሽተኛው ናሙና ለካልቸር መላኩን አረጋግጣለሁ፤ ካልቸር ባክቴሪያውን አሳድጎ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው የሚያሳይ ምርመራ ነው። በሦስተኛው ቀን ተመልሰን ይቀጥል፣ ይቀየር ወይም ይቁም እንላለን።

በወረቀት ነው ያልሁት። ሐኪሞቹ «እሜቴ እምቢ» የሚል ስም አወጡልኝ። የቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስቱ ዶክተር ዮናስ አንድ ቀን ቅጹን ጠረጴዛዬ ላይ ወርውሮ፣ «ለማንኛውም ብዬ ነው ያዘዝሁት! በሽተኛው ቢሞት እርስዎ ይጠየቃሉ?» አለኝ።

«ለማንኛውም የሚባል በሽታ አላውቅም፤ የበሽታውን ስም ይጻፉና እፈርማለሁ» አልሁት።

ተቆጥቶ ወጣ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ጽፎ መጣ። እውነቱን ለመናገር፣ በወጣልኝ ስም እኮራ ነበር።

ይህች እምቢ ባይ ግን እቤቷ ስትገባ ሌላ ሴት ነበረች። የነፍስ አባቴ አባ ጽጌ ጣና ላይ ካሉት ደሴቶች በአንዱ የሚኖሩ መነኩሴ ናቸው። ለጉዳይ ወደ ከተማ ሲሻገሩ ግሽ አባይ ሰፈር ያለው ቤቴ ጎራ ብለው መስቀል ያሳልሙናል፣ ጸበል ይረጩናል። አንድ ጊዜ እግራቸው ላይ ቁስል ወጣ። ሆስፒታል ወስጄ አስመረመርኋቸው፤ ክሎክሳሲሊን የሚባል ፀረ ባክቴሪያ ለአሥር ቀን ታዘዘላቸው። ራሴ ቆጥሬ፣ ራሴ ፖስታው ላይ ስዬ ሰጠኋቸው።

ሌላ ጊዜ ሲመጡ፣ «ያ ፍሬ ደግ ነው ልጄ፤ ካለሽ ትንሽ ጨምሪልኝ» አሉኝ።

ቁስሉን ልየው አላልሁም። የነፍስ አባቴን ልብስዎን ይግለጡ ማለት አፈርሁ። ከጓደኛዬ ፋርማሲ ያለ ማዘዣ ወስጄ ሰጠኋቸው። ከዚያ በየጾሙ መግቢያ ልማድ ሆነ። ሆስፒታል ውስጥ ያለ ቅጽ አንድ ብልቃጥ የማላስወጣው ሴትዮ፣ ለአባ ጽጌ መድኃኒቱን በፌስታል አስይዤ እስከ ወደቡ እሸኛቸው ነበር።

«አባቴ፣ ጀምረው እንዳያቋርጡ፤ አሥሩንም ቀን ይጨርሱ» እላቸዋለሁ።

«እሺ ልጄ» ይሉኛል። እኔም ሥራዬን የሠራሁ ይመስለኝ ነበር።

ብዙ ጾሞች እንዲህ አለፉ። አንድ ጠዋት አባ ጽጌን በጀልባ ጭነው አመጧቸው። ትኩሳቱ ያቃጥላል፤ እግራቸው እስከ ጉልበት አብጦ ጠቁሯል። ያስተኛቸው ዶክተር ዮናስ ነው። የካልቸሩ ውጤት ሲመጣ ወረቀቱን ሰጠኝ። የመድኃኒቶቹ ዝርዝር ከላይ እስከ ታች ባክቴሪያው እንደተላመዳቸው ይናገራል። ከቆለፍናቸው አንዱ ብቻ ቀርቶ ነበር። ቅጹን ሲያቀርብልኝ ፈረምሁ።

አልጋው አጠገብ የገዳሙ መጋቢ ተቀምጠዋል፤ የገዳሙን ንብረት የሚጠብቁትና የሚያድሉት እሳቸው ናቸው። አባ ጽጌ መድኃኒቱን በሥርዓት ይወስዱ እንደነበር ጠየቅኋቸው።

«ምነዋ ልጄ፣ እኛ እኮ የአንድነት ገዳም ነን» አሉኝ። «የእኔ የሚባል ነገር የለንም። አንች የሰጠሻቸውን ሁሉ ከዕቃ ቤት ያስገባሉ። እኔ ለታመመው ሁሉ ሁለት ሁለት ፍሬ አድላለሁ፤ ለሳለውም፣ ሆዱን ለቆረጠውም። ለእሳቸውም የሚደርሳቸው ያው ሁለት ነው። ቁስል ላለው ደግሞ ፍሬውን ከፍተን ዱቄቱን እንነሰንስለታለን። አንች የላክሽው ስንቱን የረዳ መሰለሽ! እግዜር ይስጥሽ።»

አመሰገኑኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድሁ።

ያን ደሴት ሴት አትረግጠውም፤ ዕቃ ቤቱን በዓይኔ ላየው አልችልም ነበር። ይህን ሰበብ ለራሴ ደጋግሜ ነግሬዋለሁ። መጠየቅ ግን ጀልባ አይፈልግም። ባክቴሪያው የተላመደው በእኔ ፍሬ ነው ብዬ መማል አልችልም፤ ከሌላም መጥቶ ይሆናል። ግን ሙያዬ ነውና አውቀዋለሁ። ሁለት ሁለት ፍሬ ደካማውን ገድሎ ብርቱውን ይተዋል፤ ብርቱው ይባዛል፤ አብረው ከሚኖሩት ሰዎችም ካንዱ ወደ አንዱ ይተላለፋል። እኔ ያን ብርቱ ስቀልብ ኖሬ ይሆናል። ይህ ያንገበግበኛል።

የመጨረሻው መድኃኒት ሕይወታቸውን አተረፈ። ለእግራቸው ግን አልደረሰም፤ ዶክተር ዮናስ ከጉልበት በላይ ቆረጠው። አባ ጽጌ በእርጅናቸው እንኳ ቅዳሴውን ያለ መቀመጫ የሚጨርሱ አባት ነበሩ። ሲነቁ ብርድ ልብሱን በእጃቸው ዳበሱና፣ «እንግዲህ ቆሞ መቀደስ ቀረ» አሉ።

ከሆስፒታል ሊወጡ ሲሉ ሁሉንም ነገርኋቸው። ያለ ማዘዣ መስጠቴን፣ ቁስሉን አለማየቴን፣ መድኃኒቱ የማይከፋፈል መሆኑን እያወቅሁ አለመናገሬን። እያለቀስሁ ነበር።

«እኔስ ማካፈሉ ጽድቅ መስሎኝ ነው» አሉ። «ብትነግሪኝ እኮ እሰማሽ ነበር። የመነኩሴ ሥራው መታዘዝ ነው። ለመጋቢውም እነግረው ነበር። እንዲያው ምነው ሳትነግሪኝ?»

«እግዚአብሔር ይፍታሽ» ብለው መስቀላቸውን አሳለሙኝ። እሳቸው ፈቱኝ፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ ራሴን አልፈታሁም።

መስኮቱ ላይ ለምትቆሙ ወጣቶች የምለው ይህን ነው። ስንት ቀን እንደሚወሰድ መንገር የሥራው ግማሽ ነው። መድኃኒቱ ቤት ሲደርስ ከማን እጅ እንደሚገባና ማን ማን እንደሚካፈለው ጠይቁ፤ የምታከብሩትን ሰው ደግሞ ከሁሉ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ጥያቄው አንድ ደቂቃ አይፈጅም። እኔ ለዓመታት ሳልጠይቅ ቀረሁ።