ለሦስት ባለቤቶች የተጻፈ ማመልከቻ

ሁሉም ነገር የጀመረው አንድ ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። የቴሌቪዥን ጣቢያችንን የሚያጸዱት እትዬ ወደ ፊልም ማከማቻ ክፍሌ ገቡና ባልዲውን በሩ ሥር አስቀመጡ። እንደ ሌላው ቀን ወለሉን መወልወል አልጀመሩም። በሩን ገርበብ አድርገው ጥቂት ቆሙ።

"ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው። የማይሆን ከሆነ አይሆንም በይኝ፣ አልቀየምሽም" አሉኝ።

ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ሥራ ከያዝኩ ገና አምስት ወሬ ነበር። የተማርኩት የመረጃ አያያዝ ስለሆነ የተሰጠኝ ሥራ ጣቢያው የቀረጻቸውን ፊልሞች አንድ በአንድ እያየሁ መመዝገብ፣ ሃርድ ዲስኮቹንም ቁጥር እየሰጠሁ መደርደር ነው። ሥራው ተስማምቶኝ ነበር። ከሰው ጋር ብዙ አያገናኝም። ኤዲተሩ በበሩ ባለፈ ቁጥር፣ "መነኩሲት፣ ዛሬ ከዋሻሽ ወጥተሽ ምሳ ትበያለሽ ወይስ ጥሬ እናቀብልሽ?" ይለኛል። እኔም ፈገግ ብዬ ወደ ስክሪኑ እመለሳለሁ። መልስ የሚመጣልኝ እሱ ደረጃውን ወርዶ ከጨረሰ በኋላ ነው።

እትዬ የፈለጉት ባላቸው የተቀረጹበትን ፊልም ነበር። ባላቸው ጌጃ ሰፈር ውስጥ ልብስ ሰፊ ናቸው። በወጣትነታቸው ከወሎ መጥተው፣ አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ ሃያ ምናምን ዓመት ሱሪና ኮት ሰፍተዋል። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ቀን ከስፌት መኪናው ፊት ለፊት እንደተቀመጡ ወደቁ፤ ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ አለ፣ ንግግራቸውም ጠፋ። ከወሬ ሁሉ የቀረቻቸው አንድ ቃል ብቻ ናት፤ "አዎ" ይላሉ። ሲፈልጉም አዎ፣ ሳይፈልጉም አዎ። የሚያስቡትን የሚናገረው ግራ እጃቸው ነው።

"ሳይታመም በፊት ከዚህ ቤት ካሜራ ይዘው መጥተው ቀርጸውት ነበር" አሉኝ እትዬ። "እኔም እዚህ ሥራ ያገኘሁት በዚያ ሰበብ ነው። ትንሿ ልጄ ያኔ ጡት ከተወች ብዙም አልቆየችም። አሁን ሰባት ዓመት ልትሞላ ነው። አባቴ ሲያወራ እንዴት ነበር ትለኛለች። ምን ብዬ ልንገራት? ድምፅ ይነገራል?"

ፊልሙን ለማግኘት አልተቸገርኩም። "የሰፈራችን ባለሙያዎች" በሚል የተሠሩ አጫጭር ዝግጅቶች ውስጥ ነበር፤ አሥር ደቂቃ። ሁለተኛ ወንበር ስቤ እትዬን አስቀመጥኳቸው። በስክሪኑ ላይ ሜትር አንገታቸው ላይ የጣሉ፣ ዐይናቸው የሚስቅ ቀጭን ሰው ብቅ አሉ።

"ሰው ሲለካ ሆዱን ይስባል" ይላሉ ልብስ ሰፊው። "ቤቱ ይገባና ይለቀዋል። ከዚያ ሱሪው ጠበበኝ ብሎ ይመጣብኛል። ስለዚህ እኔ መጀመሪያ ስለ ኑሮ ውድነት አነሳበታለሁ። ሲያማርር ሆዱን ይረሳዋል። ያኔ ነው የምለካው።"

እትዬ አልሳቁም። እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እስከ መጨረሻው አዩ። ሲያልቅ የሻርፓቸውን ጫፍ ቋጠሮ ፈቱና ከጎረቤት የተዋሱትን ፍላሽ አወጡ።

እዚህ ላይ ምን እንዳደረግሁ በትክክል መጻፍ አለብኝ። ፊልሙን ወደ ፍላሹ ለመገልበጥ ከሦስት ደቂቃ በላይ አይፈጅም ነበር። ነገር ግን ሥራ ስጀምር "ያለ ኃላፊ ፊርማ ምንም ነገር ከክፍሉ አይወጣም" የሚል ወረቀት ላይ ፈርሜያለሁ። ስለዚህ "ማመልከቻ ያስፈልጋል እትዬ፤ እኔ እጽፍልዎታለሁ" አልኳቸው። እዚያው ጻፍኩላቸው። "ጉዳዩ፦ የባለቤቴን ፊልም ቅጂ እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ" ብዬ ከሥሩ አሰመርኩበት። እትዬ ፊደል ስላልቆጠሩ በጣት አሻራ ፈረሙ። ጽሑፌ አምሮልኝ ነበር፤ ደስ እንዳለኝም አስታውሳለሁ።

ማመልከቻው የተጻፈው ጣቢያውን ላቋቋሙት ሰው ነው። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው የቀድሞ የሬዲዮ ጋዜጠኛ ነበሩ። መጀመሪያ የራሳቸው ጣቢያ አልነበራቸውም፤ ከሌላ ጣቢያ በሳምንት አንድ ሰዓት ገዝተው፣ በሁለት ካሜራና በአንዲት አሮጌ መኪና የልደታን ሰው ኑሮ እየቀረጹ ያቀርቡ ነበር። የግል ጣቢያዎች ሳተላይት ላይ መውጣት ሲጀምሩ እሳቸውም ያላቸውን ሸጠው፣ ከልደታ ኮንዶሚኒየም ወደ ሰንጋ ተራ በሚወስደው መንገድ ላይ የአንድ ሕንፃ ሁለት ፎቅ ተከራዩ። የቆየው የልደታ መንደር ሳይፈርስ በፊት የተነሱ ብዙ ፊልሞች ነበሯቸው። እኔ ያደግሁት ከዚያ በኋላ በተሠሩት ሕንፃዎች ውስጥ ስለሆነ ሰፈሬ ቀድሞ ምን ይመስል እንደነበር ያወቅሁት በሳቸው ፊልሞች ነው።

ጋሼ እምቢ የሚሉ ሰው አልነበሩም። ቢሯቸውም ከክፍሌ አሥራ አምስት እርምጃ ቢሆን ነው። በዚያ ሰሞን ግን ቦርሳ የያዙ እንግዶች ይመላለሱባቸው ነበር። ሁለት ጊዜ እስከ በሩ ሄጄ ድምፅ ስሰማ ተመለስኩ። በመጨረሻ ማመልከቻውን ለጸሐፊዋ ሰጠኋት፤ እሷም ፋይል ውስጥ አደረገችው።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጋሼ ስቱዲዮ ውስጥ ሰበሰቡን። "ልጆች፣ ቤቱን ለሌላ ሰው አስረክቤያለሁ። እናንተ ሥራችሁን እንዳትተዉ" አሉ።

"ጋሼ፣ ከነመነኩሲቷ ነው የሸጡን?" አለ ኤዲተሩ።

ሁሉም ሳቀ፣ ጋሼም ሳቁ። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ረጅም ጊዜ ጠረጉ። በማግስቱ አልመጡም።

ሁለተኛው ባለቤት የሕንፃ ዕቃ አስመጪ ነበሩ። የበሩ ላይ ሰማያዊ ምልክት ወርቃማ ሆነ፤ የማይክሮፎኖቹም እንደዚያው። የሰፈር ባለሙያዎች ዝግጅት ቀረና በቦታው ቀልድና የሶፋ ማስታወቂያ ገባ። ጸሐፊዋ የእትዬን ማመልከቻ ከፋይሉ አውጥታ መለሰችልኝ።

"ይሄ ለጋሼ የተጻፈ ነው። በአዲሱ ባለቤት ስም ካልሆነ አይታይም።"

እንደገና ጻፍኩ። በአሥረኛው ቀን በቀይ እስክሪብቶ "ይጣራ" ተብሎበት ወረደ። ምን እንደሚጣራ አልተገለጸም። ወረቀቱን ይዤ ወደ ፕሮግራም ኃላፊው ሄድኩ።

"ምኑ ነው የሚጣራው?" አለኝ።

"አላውቅም።"

"እኔም አላውቅም። እስኪ እዚህ ይቀመጥ፣ እናጣራለን" ብሎ መሳቢያው ውስጥ ከተተው።

እትዬ መጀመሪያ በየሳምንቱ ይጠይቁኝ ነበር። "እንዴት ሆነ ልጄ?" ሲሉኝ "እየታየ ነው" እላቸዋለሁ። "ኢንሻላህ" ይላሉ። በኋላ በወር አንዴ ሆነ። በመጨረሻ በቃል መጠየቁን ተዉትና ወለሉን ወልውለው ሲወጡ ቀና ብለው ብቻ ያዩኝ ነበር። እኔ ወንበሬን አንስቼላቸው፣ ጠረጴዛዬን አግዤ ገፍቼላቸው፣ ደግ ሰው የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

አስመጪው ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ጣቢያውን ለአንድ አክሲዮን ማኅበር አስተላለፉት። ወርቃማው ምልክት ወርዶ አረንጓዴ ተሰቀለ። ሦስተኛውን ማመልከቻ ጻፍኩ፤ ርክክቡ እስኪያልቅ ደብዳቤ አንቀበልም ተባለ፤ ስለዚህ እኔው ዘንድ ቆየ።

የርክክብ ኮሚቴ ተቋቁሞ እኔ የክፍሌን ንብረት እንድመዘግብ ታዘዝኩ። ቅጹ ላይ ያሉት ቦታዎች ተራ ቁጥር፣ የዕቃው ዓይነት፣ ብዛትና ሁኔታ ነበሩ። ጥንቃቄ የሞላበት ሥራ ሠራሁ። ወንበሩን፣ መደርደሪያውን፣ መጋረጃውን ቆጠርኩ። ሃርድ ዲስኮቹ ላይ ስደርስ "ሁኔታ" በሚለው ሥር "ያገለገለ" ብዬ ጻፍኩ። እውነት ነው፣ ያገለገሉ ናቸው። ውስጣቸው ምን እንዳለ የሚጻፍበት ቦታ አልነበረም። የፊልሞቹ ዝርዝር ያለበትን መዝገቤን አያይዤ ላቅርብ ወይ ብዬ አስቤ ነበር። የኮሚቴው ስብሰባ ላይ አሥራ ሁለት ሰው ተቀምጧል። ሰብሳቢው "ተጨማሪ ሐሳብ ያለው?" ሲሉ እጄን ከጠረጴዛው ሥር ይዤ ቆየሁ። ፈርሜ ወጣሁ።

አርብ ከሰዓት፣ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ፣ አዲሱ ቴክኒሽያን ካርቶን ይዞ መጣ። ዲስኮቹን ለአዲሱ ሥርዓት አጽድቶ ሊጠቀምባቸው ነው።

"ፊልም አለባቸው እኮ" አልኩት።

ወረቀቱን አሳየኝ። "ያገለገለ ይላል እህቴ። ፊልም አይልም። ፊርማው ያንቺ አይደለም?"

የኔ ነው። "ቢያንስ አንዷን ለነገ ተዋት" አልኩት።

"እኔ ምን ቸገረኝ። ሥራ አስኪያጁን ጠይቂውና ይደውልልኝ።"

ካርቶኑን ተሸክሞ ወረደ። እኔ ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ወጣሁ። ወጣት ነው፤ ከኔ ቢበልጥ በአምስት ዓመት። በሩ ክፍት ሆኖ ስልክ ያናግራል። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ የምለውን በልቤ ደጋገምኩ። ስልኩን ሲዘጋ አንድ ሰው ገባ። ያ ሲወጣ ሌላ ስልክ መጣ። መካከል ላይ አንዴ ቀና ብሎ አይቶኝ "እኔን ፈልገሽ ነው?" አለኝ። "ግድ የለም፣ ይጨርሱ" አልኩ። ከአንድ ሰዓት በላይ ቆምኩ።

በመጨረሻ ገብቼ ነገርኩት። ስለ ልብስ ሰፊው፣ ስለ ልጅቷ፣ ስለ ሦስቱ ማመልከቻዎች። ገና ሳልጨርስ ስልኩን አነሳና ለቴክኒሽያኑ ደወለ። ጥቂት አዳመጠና ቀስ ብሎ አስቀመጠው።

"ጨርሷል" አለኝ።

እጄ ላይ የቀረውን ሦስተኛውን ማመልከቻ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት።

"ለዚህ ደግሞ ማመልከቻ ያስፈልገዋል እንዴ?" አለ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ከልቡ ገርሞት ነው የጠየቀኝ። "ኮፒ አድርገሽ አትሰጪያቸውም ነበር? ማን ምን ይልሽ ነበር?"

ምናልባት ጋሼም እንደዚያው ይሉኝ ነበር። ምናልባት አስመጪውም። ሦስቱንም በጊዜው በቃል አልጠየቅኳቸውም፤ ጻፍኩላቸው እንጂ። ጣቢያው ከሰው ወደ ሰው ሲዞር በዚያ ክፍል ውስጥ ያልተለወጥኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። ፊልሙ እነሱ እጅ ገብቶ አያውቅም፤ ያን ሁሉ ጊዜ እኔ እጅ ነበር።

የዚያን ቀን እትዬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ልብሳቸውን ቀይረው ሲወጡ ደረጃው ላይ አገኘኋቸው። "ደክሞሻል ልጄ፣ ፊትሽ ገርጥቷል። ሄደሽ ረፍት አድርጊ" አሉኝ። "እሺ" ብዬ አሳለፍኳቸው።

በማግስቱ ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ላይ ወደ ጌጃ ሰፈር ሄድኩ። ቤታቸውን በመጠየቅ አገኘሁት። እትዬ ልብስ እያጠቡ ነበር፤ ሲያዩኝ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው ብድግ አሉ። በር ላይ እንደቆምኩ ነገርኳቸው። ፊልሙ ጠፍቷል፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ በጠየቁኝ ጊዜ ቅጂውን መስጠት እችል ነበር አልኳቸው።

እትዬ ወደ ውኃው አዩ።

"ያኔ አብረን ስናየው" አሉ፣ "ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር። ልቅረጸው ብዬ አውጥቼው ነበር። ሰው ቢያይ አንቺን ይቆጡብኛል ብዬ መለስኩት።"

በሩን ለቀቁልኝና ገባሁ።

ልብስ ሰፊው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ከስክሪኑ ሰው የቀረው ዐይናቸው ነው። ልጅቷ መሬት ላይ ደብተር ዘርግታ ትጽፋለች። ሰላምታዬን "አዎ" ብለው ተቀበሉ። ዱካ ተሰጠኝና ተቀመጥኩ። ከዚያ ልጅቷን ሳላያት፣ ዐይኔን ደብተሯ ላይ አድርጌ፣ "አባትሽ ሲያወራ አይቼዋለሁ። ያወራውን ልንገርሽ?" አልኳት።

እርሳሷን አስቀመጠች።

ሱሪ ስለሚለኩ ሰዎች የተናገሩትን ነገርኳት። እንደሳቸው አልሆነልኝም። ቢሆንም ሳቀች። እዚያው ፊልም ላይ ያወሩትን የአንድ ሠርግ ሱሪ ታሪክም ጀመርኩላት። አንድ ሙሽራ ነበር፣ አስተማሪ፤ የሠርጉ ዕለት ጠዋት ሱሪው ገና አልተዘመዘመም፤ አባትሽ መርፌና ክሩን ይዞ ሙሽራው ቤት ድረስ...

ግራ እጃቸው ተነሳ። "አዎ" አሉ፤ እጁ ግን እየተወዛወዘ አይደለም ይላል። ቆምኩ። መዳፋቸውን ወደ ፊት ዘርግተው፣ የሚመጣ ነገር እንደሚያስቆም ሰው አቆሙት። ከዚያ ወደ ጎን አሳለፉት፣ እንደገና አቆሙት።

"ትራፊክ ፖሊስ?" አለች ልጅቷ።

"አዎ" አሉ፣ እጃቸውም ጉልበታቸው ላይ አረፈ።

"ይቅርታ፣ ሙሽራው ትራፊክ ፖሊስ ነው" አልኩና የሠርጉን ነገር ከመጀመሪያው ጀመርኩላት።