ሙሽሮቹ የወጡበት ጉብታ

በምንኖርባት በሴንት ፖል ከተማ፣ ከሚሲሲፒ ወንዝ በላይ ያሉት ጥንታዊ የአፈር ጉብታዎች ምስጢር ናቸው ይባላል። አይደሉም። መቃብር ናቸው፤ አጠገባቸው በቆመው ሰሌዳ ላይም ተጽፏል። ሰው ግን ከማንበብ ይልቅ መደነቅ ይቀለዋል። በሌሎች ግዛቶች ስላሉት የአፈር ግንቦችና ለአምልኮ ሥርዓት የተሠሩ መንገዶችም ግዙፍ ሰዎች ሠሯቸው፣ ከሰማይ የመጡ ሠሯቸው ሲባል ሰምቻለሁ። የአገሩ ነባር ሰዎች ሠሯቸው ማለት ለምን እንደሚከብድ አይገባኝም።

ባለፈው ሰመር የእህቴ ልጅ ሩት ስታገባ እዚያ የሆነው ግን እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም።

ከቤተ ክርስቲያን ወጥተን እንደ ወጋችን ለፎቶ ጉብታዎቹ ወዳሉበት ፓርክ ሄድን። ቪዲዮ አንሺው ከተማውን ከጀርባ ላስገባ ብሎ ሙሽሮቹን ትልቁ ጉብታ አናት ላይ አወጣቸው። ሚዜዎቹ ከበሮ እየመቱ ተከተሉ።

"ሰሌዳውን አይተኸዋል?" አልኩት ቪዲዮ አንሺውን።

"ጋሼ፣ ዛሬ እንኳን ሌክቸሩ ይቅርብን!" አለኝ። ሁሉም ሳቀ።

ውሻዋን ይዛ የምታልፍ አንዲት ፀጉሯ የሸበተ ሴት ቆመች። ከአገሩ ነባር ሕዝቦች አንዱ ከሆኑት ከዳኮታዎች ወገን ነበረች። ሳትጮህ፣ በእንግሊዝኛ፣ "እዚያ አያቶቼ ተኝተዋል። እባካችሁ ውረዱ" አለች።

እህቴ አስቴር "ምን አለች?" ስትለኝ ነገርኳት። ፊቷ አመድ መሰለ።

"ልጄን በሰርጓ ቀን መቃብር ላይ? ውረዱ! ያንን ከበሮ ተዉት!"

"ማሚ፣ ኢትስ ኦኬ" አለች ሩት።

"ምኑ ነው ኦኬ? ውረጂ!"

ወረዱ። አስቴር ግን ትዳሩ ገና ሳይጀመር እንዳይበላሽ ፈርታለች። "እኚህ እናት ካልመረቋቸው ንቅንቅ አልልም" አለች። ሙሽሮቹም ዝቅ ብለው የሴትዮዋን ጉልበት ሳሙ። ሴትዮዋ ደንግጣ ወደ ኋላ አለች፤ ውሻው ጮኸ።

"ትልቅ ሰው ካልመረቃቸው አይነሱም" ብዬ አስረዳኋት።

ጉብታውን ትንሽ አየችው። ከዚያ እጇን በሩት ቬል ላይ አሳርፋ በራሷ ቋንቋ የሆነ ነገር አለች። ምን እንዳለች አልጠየቅናትም። አስቴር "አሜን" አለች፤ እኛም ተከተልን።

ልትሄድ ስትል ዞር ብላ፣ "እዚህ ታች ዝፈኑ። አያቶቼ ዘፈን አይጠሉም" አለችን።

በፎቶዎቹ ላይ ከሙሽሮቹ ጀርባ የሚታየው የመኪና ማቆሚያ ነው። ቪዲዮ አንሺው እስከ ዛሬ ይቆጨዋል። እኔ ደስ ይለኛል። በምርቃት ብዙም አላምንም፤ ያን ቀን ግን ከሁሉም ጮክ ብዬ አሜን ያልኩት እኔ ነኝ።

ሙሽራ ይዛችሁ ወደዚያ የምትሄዱ፣ መጀመሪያ ሰሌዳውን አንብቡ። ጉብታው ላይ አትውጡ።