የበረዶው ተራራ ጦር መጨረሻ

«ቁጭ በል» አለኝ ጠባቂው፣ ቦታ ያለ ይመስል። ክፍሉ ውስጥ ሰው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ታጭቋል። እርጥብ ብርድ ልብስና የብርቱካን ልጣጭ ይሸታል። እኔ እኮ በዚያው ጠዋት ከአትላንታ የገባሁ ሰው ነኝ፤ በአውሮፕላን ያበጠው እግሬ እብጠቱ እንኳን ገና አልጎደለም። ምን አደረግኩ? ግራ ገብቶኝ በሩ ሥር እንደቆምኩ ቀረሁ።

ጥፋቴ መጽሐፍ ነው። አዲስ አበባ ያለው ጓደኛዬ የታሪክ አስተማሪ ነው። «ከአትላንታ ሚድታውን አሮጌ መጻሕፍት ቤት ይዘህልኝ ና» ብሎኝ ያመጣሁለት፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስለተዋጋ አንድ የጀርመን የተራራ ጦር ኮር የሚያወራ መጽሐፍ። ውስጡ ካርታ በካርታ ነው፤ ተራራ ለተራራ የሚሄዱ ቀያይ ቀስቶች። ኤርፖርት ሻንጣዬን የከፈተው ፈታሽ ቀስቶቹን አየና አለቃውን ጠራ። አለቃው ደግሞ የራሱን አለቃ ጠራ። በቃ።

መርማሪው ድምፁን የማያነሳ፣ ሸሚዙን ጥንቅቅ አድርጎ የተኮሰ ሰው ነበር።

«ይሄ ተራራ የት ነው?»

«ሰሜን ዋልታ አጠገብ፣ ፊንላንድና ኖርዌይ።»

«የኮሩ አዛዥ ማነው?»

«ሞቷል ጌታዬ። ሁሉም ሞተዋል።»

መጽሐፉን ዘጋው። «መጽሐፉ ለማን ነው የመጣው?»

ጓደኛዬ ከዚህ በፊት ታስሮ የተፈታ ነው፤ ስሙን ከጠራሁ በዚያው ቀን ያመጡታል። «የኔ ነው» አልኩ።

«ያንተ ከሆነ ነገ ከዳር እስከ ዳር ትነግረኛለህ። ካላወቅከው የባለቤቱን ስም ትነግረኛለህ።»

ጉድ ፈላ! አውሮፕላን ላይ እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ ግማሹን አንብቤዋለሁ፤ መጨረሻውን ግን አላየሁትም።

ክፍሉ ውስጥ ከጎናቸው ቦታ የሰጡኝ አንድ የወሎ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሐጂ እንላቸዋለን። «ምን ሆነህ ነው የኔ ልጅ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ጦሩ አንድ የወደብ ከተማ ሊይዝ እንደተነሳ፣ በቅሎዎቹ መድፍ ተሸክመው በዚያ ድንጋይ እንደሄዱ፣ አንድ ወንዝ ላይ ደርሶ ለዓመታት ንቅንቅ እንዳላለ ተረክኩላቸው።

«በዚያ በረዶ በቅሎዎቹ ምን በሉ?»

«እሱን እንጃ፣ ሐጂ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እንቅልፍ ወሰደኝ።»

ሳቁ። ትንሽ ቆይተው «ከተማውን ካልያዙት፣ ሲመለሱ የሰዉን ቤት ያቃጥላሉ» አሉ።

«እንዴት አወቁ?»

«በኛ ቀበሌ ያለፈውም እንዲሁ ነው ያደረገው። የኔ ቤት ግድግዳው ብቻ ነው የቀረ።» የትኛው ጦር እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም። እሳቸውም አልነገሩኝም።

በማግሥቱ መርማሪው ፊት ቀርቤ ተረክኩ። መርማሪው ገጽ እየገለበጠ ይሰማኛል።

«ከተማውን ያዙት?» አለ በመሃል። ሲጠይቀኝ እየመረመረኝ ነው ወይስ የምር ጓጉቶ? አልለይ አለኝ።

«አልያዙትም።»

«መጨረሻውስ?»

«ሲመለሱ… የሰላማዊ ሰው ቤት እያቃጠሉ ሄዱ።»

ወደ መጨረሻው ገለበጠ። አንድ ገጽ ላይ ጣቱን አቆመ። ከዚያ መጽሐፉን ወደኔ አዞረው፤ ፎቶ ነው። በበረዶ መሃል የቤት ጭስ ማውጫዎች ብቻቸውን ቆመዋል፤ ቤት የለም።

«ያንተ ነው» አለኝ ቀስ ብሎ።

«እንግዲያው ይመልሱልኝ» አልኩት። ከየት የመጣ ድፍረት እንደሆነ እንጃ። አልተቆጣም። መሳቢያው ውስጥ ከተተና ቆለፈበት።

በዚያው ቀን ስፈታ ጃኬቴን ለሐጂ አልብሼ ወጣሁ። እሳቸው እዚያው ቀሩ። ዛሬ የት እንዳሉ የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም፣ ይኼ ያንገበግበኛል። መርማሪውም አምኖኝ ይሁን ፎቶው የሚያውቀውን ቤት አስታውሶት፣ እስካሁን አልገባኝም።

ባለፈው እሁድ እዚህ አትላንታ አጠገብ፣ ስኮትዴል አፓርትመንቴ በር ላይ መኪናዬን ፓርክ ሳደርግ ጓደኛዬ ደወለ። ስለ እስሩ ምንም አያውቅም፤ በስልክ የሚወራ አይደለም፣ ያኔም ተከትለውኝ እንዳይደርሱበት ብዬ ሳላየው ነው የተመለስኩት።

«አገር ገብተህ ዓይኔን ሳታይ ሄድክ፣ እሺ» አለኝ። «መጽሐፌን ግን ምን በላው?»

«የማን መጽሐፍ?» አልኩት። «የኔ ነው።»

«አንተ ሰውዬ፣ ታፍራለህ ግን?» ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው። ሞተሩን አጥፍቼ ትንሽ ተቀመጥኩ። ይቀየመኝ። እቤቱ ቁጭ ብሎ ይቀየመኝ።