ከግንባሯ ላይ ያጠፋሁት መስቀል

ሱሉልታ ፎቶ ቤት ሥራ የጀመርኩ ቀን ኦቦ ገመቹ መቀስና ማስመሪያ ሰጡኝ። ባለቤቱ እሳቸው ናቸው። «ጉርድ ፎቶውን እኩል እኩል እየቆረጥሽ ፖስታ ውስጥ ታስገቢያለሽ፤ ሌላ ነገር አትንኪ» አሉኝ። ገና ሰዓት ሳይሞላ የአንድ መምህር ጆሮ ቆረጥኩ። ደንግጬ የተበላሸውን ፎቶ ቀሚሴ ኪስ ውስጥ ከተትኩና ሦስቱን ሰጠሁት። ሰውየው ቆጠረና «አራተኛውስ?» ሲለኝ ላብ አጠመቀኝ። ኦቦ ገመቹ ሌላ አትመው ሰጡት፤ እኔንም ምንም አላሉኝም። አለማለታቸው ደግሞ ሳምንት ሙሉ ሲያስጨንቀኝ ከረመ።

ስድስት ዓመት መቀስ ይዤ ኖርኩ። ከዚያ ኤዲት የምትሠራው ሳምራዊት አገባችና ሰበታ ገባች። ኦቦ ገመቹ ጠሩኝ። «ብርቄ፣ ከሰኞ ጀምሮ ኮምፒዩተሩ ላይ አንቺ ነሽ።»

«ኧረ በፈጠረዎት! እኔ ማውስ እንኳን ይዤ አላውቅም።»

«መቀስም ይዘሽ አታውቂም ነበር። ደግሞ ፕሮግራሙ ለጀማሪ የተሠራ ነው፤ ሕፃን ይሠራበታል።»

ይኼ ነው ጭራሽ ያስፈራኝ። ከባድ ነው ቢሉኝ አቃተኝ ብል አያሳፍርም። ሕፃን የሚሠራበት ካቃተኝ ምን ልባል ነው?

እውነትም ቀላል ነበር። ጽሑፍ ብዙ የለውም፤ ሁሉም በሥዕል ነው። የመቀስ ሥዕሉ መቁረጫ፣ የፀሐይዋ ማብሪያ። የቁስል ፕላስተር የምትመስለዋ ደግሞ ማጥፊያ ናት፤ ብጉር ላይ አስቀምጠው ሲጫኗት ከጎኑ ያለውን ቆዳ አምጥታ ትሸፍነዋለች። ከሥር በኩል ወዲያና ወዲህ የሚሳብ መስመር አለ፤ ወደ ቀኝ በሳቡት ቁጥር ፊት እየለሰለሰ፣ እየቀላ ይሄዳል። ሳምራዊት በስልክ ታስተምረኝ ነበር። «ስትሳሳቺ ኮንትሮልና ዜድ ተጫኚ፤ ወደኋላ ይመልስልሻል» አለችኝ። ወይ ጉድ! በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር አጋጥሞኝ አያውቅም። ሳልሳሳትም እጫነው ነበር፣ መሥራቱን ለማየት።

ሌላም ነገር ብላኝ ነበር። «ዋናውን እንዳትነኪ፤ መጀመሪያ ኮፒ አድርጊና ኮፒው ላይ ሥሪ።» ይኼን አንድ ወር ያህል ሠራሁበት። ኦቦ ገመቹ ኮምፒዩተሩ ሞላ፣ ተንቀራፈፈ እያሉ ሲነጫነጩ ግን የኔ ኮፒ መስሎኝ ተውኩት። ማን ጠየቀኝ? ማንም። በራሴ ጊዜ ፈርቼ ተውኩት።

ያኔ አብዛኛው ደንበኛችን ለዓረብ አገር ጉርድ የሚነሱ ሴቶች ነበሩ። ከሱሉልታም ከገጠሩም ይመጣሉ። ግማሾቹ ግንባራቸው ላይ የመስቀል፣ ወይ አንገታቸው ላይ የጌጥ ንቅሳት አላቸው። የዓረብ አገር ሰዎች ንቅሳት ያለበትን ፎቶ ይቀበሉ አይቀበሉ እኔ አላውቅም፤ እነሱ ግን «እትዬ፣ ይቺን አጥፊልኝ፣ እዚያ አይወዱትም አሉ» ይላሉ። አጠፋለሁ። በፕላስተሯ ሁለት ሦስቴ ነካ ነካ፣ አለቀ። እየቆየ ሳይጠይቁኝም ማጥፋት ጀመርኩ። ወንበሩ ላይ ቁጭ እንዳልኩ እጄ በቀጥታ ግንባር ላይ ይሄዳል። ኦቦ ገመቹም ከኋላዬ ቆመው «አሁን ሙያ ገባሽ» አሉኝ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

ቶሎሳ የመጣው በዚህ ደስታዬ ሰሞን ነው። ቶሎሳ የወተት ነጋዴ ነው፤ ከየቤቱ ሰብስቦ አዲስ አበባ ያስገባል። እናቱ ሞተውበት አርባቸው ደርሷል። ለአርባው ድንኳን ውስጥ የሚቆም ትልቅ ፎቶ ፈለገ፤ የስልኩን ሚሞሪ አውጥቶ ሰጠኝ። «አንድ ፎቶ ናት ያለችው። እናቴ እሺ ብላ ተነስታ አታውቅም፤ ይቺን ራሱ ላሟን ስታልብ ሳታየኝ ነው ያነሳኋት» አለኝ። የቀበሌ መታወቂያቸውን አምጣ አልኩት፤ አመጣ። እርጥበት ገብቶበት ፊታቸው ተልጧል።

ሚሞሪው ቫይረስ ሞልቶታል። እኛ ቤት ያለ ወግ ነው፤ ለደንበኛ ቫይረሱን በነፃ እናጸዳለን። ፎቶዎቹን ወደ ኮምፒዩተሩ አወጣሁ፣ ሚሞሪውን ፎርማት አድርጌ ያለበትን ሁሉ ደመሰስኩ፣ «በል ጸድቶልሃል» ብዬ ሰጠሁት። አመስግኖኝ ሄደ። በማግስቱ ዘፈንና ፊልም ጫነበት።

እኔ ሥራዬን ሠራሁ። ላሟን ቆርጬ አወጣሁ፣ ከጀርባቸው ሰማያዊ ባክግራውንድ አደረግኩ፣ መስመሩን ወደ ቀኝ ሳብኩ፤ ፊታቸው ለሰለሰ። እጄም እንደለመደው ግንባራቸው ላይ ሄደ። ሴቭ አልኩ፣ ዘጋሁ፣ አተምኩ። ፍሬም ውስጥ ሲገባ ኦቦ ገመቹ ራሳቸው «ይኼስ ለበር ላይ ማሳያ ይሆነን ነበር» አሉ።

አርባው እሑድ ነው። ቶሎሳ ዓርብ ጠዋት መጣ። ፍሬሙን በሁለት እጁ ይዞ ወደ በሩ፣ ወደ ብርሃኑ ዞረ። ብዙ አየው። ከዚያ «እህቴ፣ ተሳስተሻል፤ ይኼ የሌላ ሰው ነው» አለኝ።

«የርሳቸው ነው እኮ፤ ነጠላውን እየው።»

«ነጠላውማ የሷ ነው» አለ። ደግሞ አየው። «መስቀሏስ?»

«ኦ፣ እሱማ... አላለቀም፤ ነገ ጠዋት ና» አልኩት። ምላሴ ከኔ ቀድማ ዋሸች። ልክ እንደወጣ ኮምፒዩተሩን ከፍቼ ኮንትሮልና ዜድ ተጫንኩ። ዝም። አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ ተጫንኩ። ለሳምራዊት ደወልኩላት። «ሴቭ ብለሽ ከዘጋሽው አይመለስም። ኮፒው የለሽም እንዴ?» አለችኝ። የለኝም ለማለት አፍሬ ስልኩን ዘጋሁት።

ብሩሽ ይዤ መስቀል ለመሳል ሞከርኩ። በእስክሪብቶ የተጫረ መሰለ። ኦቦ ገመቹን ጠራኋቸው፤ ነገርኳቸው። አልተቆጡም፤ ይልቅ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ኮምፒዩተሩ ላይ የስንት ሴት ንቅሳት አለ፤ ከአንዷ ቆርጠሽ ለጥፊ። በኀዘን ላይ ያለ ሰው ማን አስተውሎ ያያል?» አሉኝ።

እሺ ብዬ ፈልጌ አገኘሁ። ቆርጬ ግንባራቸው ላይ አደረግኩት። ያን ጊዜ ነው የደነገጥኩት። ትልቅ ነበር ትንሽ? ነጥብ ነበረው? ቀጥ ያለ ነበር? ሁለት ሰዓት ሙሉ ፊታቸው ላይ አፍጥጬ ሠርቼ አንዱንም አላስታውስም። ያጠፋሁትን እንኳ አላየሁትም። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ኦቦ ገመቹ «በቃ፣ ሂጂና ንገሪው እንግዲህ» አሉኝ።

ቅዳሜ ማለዳ ሄድኩ። ግቢው ውስጥ ድንኳን እየተተከለ ነው፤ ሴቶች ሽንኩርት ይልጣሉ። ቶሎሳ ገመድ እየወጠረ አየኝና «አለቀ?» አለኝ። ባዶ እጄን እያየ ነው የሚጠይቀኝ።

«ቶሎሳ፣ ዋናው ፎቶ የለም። አጥፍቼዋለሁ። መስቀላቸውንም በስህተት ነው ያጠፋሁት፤ ዋናው ላይ ስለሠራሁ የሚመለስ አይደለም።»

ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ገመዱን ለቀቀና «አንድ ነበረኝ እኮ» አለኝ። እንደገና «አንድ እኮ ነበረኝ» አለ።

ከሽንኩርቱ መሃል አንድ አሮጊት ተነሱ። የሟች ታላቅ እህት ናቸው፤ አዴ ጫልቱ ይባላሉ። ቶሎሳ በኦሮምኛ ነገራቸው። ሻሻቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው ግንባራቸውን አሳዩኝ። መስቀል አለ።

«የነቀሰችን ሴትዮ አንድ ናት፤ ቀኑም አንድ ቀን ነው። ይኼን ልትወስጂው ትችያለሽ?» አሉኝ።

«እችላለሁ አዴ ጫልቱ። ያንቱ ግን ከሳቸው ጋር አንድ ነው?»

«አንድ አይደለም። ነይ፣ ላሳይሽ» አሉና ነጠላቸውን አንስተው ለበሱ።

ፎቶ ቤት ወስጄ ወንበሩ ላይ አስቀመጥኳቸው፤ ግንባራቸውን በቅርብ አነሳሁ። ሦስቱ ደበዘዙብኝ፣ አራተኛው ጠራ። ቆርጬ በእህታቸው ግንባር ላይ ሳስቀምጠው አጠገቤ ኮምፒዩተሩ ጋ ተቀመጡ። ቶሎሳ በሩ ላይ ቆሞ ወደ ውጭ ያያል።

«እኔ ታላቅ ነኝ ብዬ ቀድሜ ተነቀስኩ። እሷ ደሜን አየች፤ ፈራች። እናታችን ጭንቅላቷን ይዛት ሳለ የመስቀሉ ቀኝ ክንፍ ሲነቀስ ተወራጨች። ስለዚህ የሷ ቀኙ ወደ ቅንድቧ ይወርዳል» አሉኝ።

«ቀኝ የማን? በኛ በኩል ነው በሳቸው?»

«በሷ ነዋ! ግንባሩ የማነው?»

ክንፉን በማውስ ዝቅ አደረግኩት። «በዛ... መልሺው... አሁን አነሰ። ጫፉ ላይ ነጥብ ነበራት፣ አንዲት። ሁለተኛዋን እምቢ ብላ ሮጠች።» ነጥቧን አደረግኩ። ቀለሙን አደበዘዝኩት፤ አርባና ሃምሳ ዓመት የኖረ ንቅሳት አዲስ አይመስልማ። አዴ ጫልቱ ፊታቸውን ወደ ስክሪኑ አስጠጉ። «እ... እዚያ ጋ ተይው» አሉና እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

ከዚያ «የፊቷ ሽብሽብስ?» አሉኝ።

«እሱን መመለስ አልችልም አዴ። የለም።»

«ይሁን። እግዜር እዚያ ወጣት አድርጓት ይሆናል» አሉና እያለቀሱ ሳቁ።

እሑድ አርባው ላይ ሄድኩ። ባልሄድ ይሻለኝ ነበር፤ ግን መቅረቱ የባሰ ፍርሃት መስሎ ታየኝ። ፎቶው ጠረጴዛ ላይ ቆሟል። የገባው ሁሉ «ወይኔ፣ እሷን ራሷን!» እያለ ያለቅሳል። ቶሎሳ ራሱ ሳህን ይዞልኝ መጣ፣ «ብዪ እንጂ» አለኝ። ሳህኑን ተቀበልኩት። «ይቅር በለኝ» አልኩት።

«ይቅር ብዬሻለሁ» አለኝ። አጠገቤ ተቀመጠ። «ግን ታውቂያለሽ፣ ካሁን ወዲያ እሷን ሳስብ የሚመጣብኝ ይኼ ፎቶ ነው። የቱ የሷ፣ የቱ የአክስቴ፣ የቱ ያንቺ እንደሆነ መለየት አልቻልኩም።»

ይኼን ሥራ አሁን ለምትጀምሩ፦ ፎቶ ከመንካታችሁ በፊት ቅጂ አስቀምጡ። ቅጂው በደንብ መከፈቱን ሳታዩ የሰው ሚሞሪ ፎርማት አታድርጉ። ከፊት ላይ ነገር ከማጥፋታችሁ በፊት ባለፊቱን ጠይቁ፤ እሱ ከሌለ የሚያውቀውን ሰው ጠይቁ።