ከሁምቦ የመጡት ሽማግሌ መርዶ

የተያዝኩት ሶዶ ገበያ መሐል ነው። ከአንድ አረብ ነጋዴ ቤት ተደብቄ የሰማሁትን የሬዲዮ ወሬ ለሰው አውርተሃል ተባልኩ። እውነት ነው፣ አውርቻለሁ።

ጣሊያን ያሰረን የድሮ የእህል መጋዘን ውስጥ ነበር። ቀን ቆርቆሮው ይግላል፣ ወለሉ ግን አይደርቅም። እግር የምንዘረጋው በተራ ነው።

አጠገቤ አርበኛ አብልተዋል ተብለው ከሁምቦ የመጡ ሽማግሌ ነበሩ። ሳል አያስተኛቸውም። በወላይትኛ ጠየቁኝ።

«ሬዲዮ የምትሰማው አንተ ነህ አሉ። ስለ ሁምቦ ምን አለ?»

«ስለ ሁምቦ አያወራም፣ አባባ።»

«ዝናብ መጣሉንም አላለ?»

«አላለም።»

«ታዲያ ምኑን ወሬ ሆነ!» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

አንድ የገበያ ቀን ማለዳ ስንነቃ አርፈዋል። ለዘመድ ይነገር ብለን ዘበኛውን ለመንነው። «ከኋላ ጉድጓድ አለ» አለን።

ጥቂት ቆይቶ አስተርጓሚው መጣ። የከተማችን ሰው ነው፣ አባቱንም አውቃለሁ። ወረቀት ሰጠኝ።

«ገበያው ላይ በድምፅ ማጉያው ይህን አንብብ። እስረኞች ደህና ናቸው ይላል። በወላይትኛ በለው፣ አንተን ያምኑሃል። ከዚያ ቤትህ ትገባለህ።»

ደክሞኝ ነበር። ቤቴ መግባት እፈልግ ነበር።

ገበያው ላይ ድምፅ ማጉያው ፊት አቆሙኝ፤ አንድ የጣሊያን መኮንን አጠገቤ ቆመ። ወረቀቱን ያዝኩ እንጂ አላየሁትም። የሽማግሌውን ስም፣ ያባታቸውን ስም፣ ቀበሌያቸውን ተናገርኩ። «አርፈዋል። አስከሬናቸው እስር ቤቱ ነው። ዘመድ ያለ ይምጣ» አልኩ። መኮንኑ ወላይትኛ አያውቅም፤ እንደተስማማ ሰው ራሱን ይነቀንቃል። ከቅቤ ተራ የአንዲት ሴት ጩኸት ተሰማ።

አስተርጓሚው ግን ከመጀመሪያው ቃል ገብቶታል። እስክጨርስ ጠብቆ ነው በጥፊ ግራ ጆሮዬን የመታኝ። የቀረውን ዱላ ዘበኞቹ ጨረሱት።

ወደ ማታ የሽማግሌው ዘመዶች እያለቀሱ እስር ቤቱ ደጅ መጡ። ገበያው ሁሉ ስለሰማ ጣሊያኖቹ አስከሬኑን መከልከል አልሆነላቸውም። ቃሬዛው ሲያልፍ እኛ ውስጥ ሆነን ተነስተን ቆምን። እኔን ሁለት ሰው ደግፎኝ ነው።

ከዚያ በኋላ ጣሊያን እስኪወጣ ድረስ ታሰርኩ። አሁን አርጅቻለሁ፤ ግራ ጆሮዬ አይሰማም። የሶዶ ሬዲዮ የሰፈሩን ወሬ ሲያወራ ልጄ ድምፁን ከፍ ታደርግልኛለች። ሞተ የሚሉትን ሰው አብዛኛውን ጊዜ አላውቀውም። ስሙን ከነአባቱ ጠርተው እስኪጨርሱ ግን እህል አልቀምስም።